ሙያ

በርገን ላይ ዝናቡ ዕረፍት አያውቅም፣
ደረጃውም ያው ነው፣ ተወርዶ አያልቅም።
ሠላሳ አንድ ዓመት መርከብ መርቻለሁ፣
ጭጋግ ሲመጣብኝ መምጫውን ዐውቃለሁ፤
ይኼኛው ግን ሌባ፣ በዳር በዳር ገብቶ፣
ሳያመኝ፣ ሳይነግረኝ፣ ጠርዝ ጠርዙን በልቶ፣
መሐሉን ብቻ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ
ትቶልኝ ተገኘ፤ ቀሪው ሁሉ ባዳ።

ሐኪሙ ስም ሰጠው፦ «ግላኮማ ይባላል፣
የሄደውስ ሄዷል፤ የቀረው ይጠበቃል።»
ጠብታም አዘዘልኝ። ጠብታው ጉንጬን አጥቦ
ዐይኔ ሳይቀምሰው ያልቃል፣ አንገቴ ላይ ዘንቦ።
ልጄም ስልክ ደወለች፦ «ቤቱን ሽጠው፣ አባ፣
ደረጃ የሌለው የጡረተኞች ቤት ግባ!»

ማክሰኞ ሲግሩን መጣች ቦርሳዋን አንግታ፣
ሃምሳ ሁለት ደረጃ አንድ በአንድ ቆጥራ ወጥታ።
ካፖርቷን ሰቀለች፣ ይንጠባጠብ ዝናብ፤
«አንተ» አለችኝ ደፍራ፣ እንዳገራችን ደንብ።
«የሙያ ሕክምና ነው» አለችኝ «ሥራዬ።»
«መርከብ ካስረከብኩ ወዲያ የታል ሙያዬ?»
«ሻይ መቅዳት ሙያ ነው፤ ደረጃ መውረድም፤
ካልሲ ማጣመርም፤ እስቲ አሳየኝ፣ ቅደም።»

መድኃኒት አልያዘች፣ መነጽር አላመጣች፤
ቢጫ ፕላስተር ብቻ ከቦርሳ አወጣች፣
በየደረጃው ጠርዝ አንዳንድ ሰቅ ለጠፈች።
ነጭ ጠረጴዛዬን ትክ ብላ አየች፣
ጥቁር ጨርቅ ዘረጋች፤
ነጩ ኩባያዬ ያኔ ተወለደ!
እጄም ሳይደናበር ወደ ጆሮው ሄደ።
የምድጃው ማብሪያ ላይ፣ እንደ ምስር ፍሬ
ጉብ ያለች ነጥብ አለች፤ በጣቴ ቆጥሬ
እሳቱን እለካለሁ።
«ተጋድመህ፣ ጉንጭህ ላይ እጅህን አሳርፍ፤
ጠብታው ዐይንህ ይግባ፣ አይባክን፣ አይትረፍ።»

ከዚያ ወጣን አብረን እስከ ዓሣ ገበያ፤
ብስክሌት ከግራዬ! ከየት በቀለ ያ?
ቆምኩኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ክንዴንም አልያዘች፤
«የባሕሩ ፋና እንዴት ነው?» ጠየቀች።
«ይዞራል» አልኳት።
«ቀጥ ብሎ ቢቆምስ?»
«አንዷን ጀልባ ያድናል፤ ሌላዋ ዐለት ትቅመስ።»
«እንግዲያስ አንገትህን እንደሱ አዙረው፤
ግራ፣ ቀኝ፣ እግርህ ሥር፤ ዓለም በየተራ ነው።»

ዛሬም አንዳንድ ማታ በሩ ይገጨኛል፤
የመርከበኛ ስድብ ያኔ ይቀናኛል።
ሲግሩን ይህን ታውቃለች፤ ዋሽታኝ አታውቅም፣
ጭጋጉ ቆሟል እንጂ ተመልሶ አይርቅም።

ልጄ እሑድ መጣች፤ ሻይ እኔ ቀዳሁላት፣
ጣቴ ከንፈሩ ላይ፣ ሳይፈስ ሞላሁላት።
ስለ ቤቱ ሽያጭ ምንም አላነሳች፤
በቢጫው ደረጃ ዝም ብላ ወረደች።
እኔም ከመስኮቱ ግራ ቀኝ እያየሁ፣
ቀይ ጃንጥላዋን አጣሁ፤
ደግሞ አገኘሁ።