ድምፅህ ጠፋ

ሦስት ወር ሙሉ አገሳች።
ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ስጠመዝዘው
ከቆርቆሮ አጥሩ በላይ፣ ከባህር ዛፉ በላይ ጮኸች፤
ዓለም ገናን ከዳር እስከ ዳር ቀሰቀሰች።
ጎመን ጭኜ ጀሞ እስክደርስ
ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ቤት ይከፈታል።

“ጋራዥ ውሰዳት” አለች ይመኙሻል።
ወሰድኳት። ዋጋውን ሲጠሩልኝ
ማርሚታ ነው ወይስ መሬት የምገዛው ብዬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ወረድኩ፤
ዘይት ከጠገበ ጆንያ ውስጥ
አንድ ኮሌክተር መረጥኩ፣ አራት ጣት ያለው፣
እንደ ለማኝ እጅ የተዘረጋ።
“የጃፓን ነው!” ብሎ ማለልኝ ሻጩ።
እሳት ካየው ምን ለየው፣
አገሩን ማን ጠየቀው?

እሁድ፣ ግቢዬ ውስጥ፣
ጎማዋ ስር ድንጋይ ታኮ አድርጌ፣
ኮፈኖዋን በአጣና ደግፌ
እስከ ወገቤ ገባሁ።
ስምንት ፍሬ ዳዶ።
ሌሊቱን ነጭ ጋዝ አጠጥቻቸው ነበርና
ሰባቱ እንደ ሰካራም እያቃሰቱ ወለቁ።
ስምንተኛው፣ ከኋላ፣ ከጥግ ያለው፣
ዓይን የማያየው፣ ጣት የሚገምተው፣
እምቢ አለ።
ለመንኩት።
በመዶሻ መታ መታ አደረግኩት።
ኪያቤው ላይ ቱቦ ቀጠልኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ተጫንኩ፤

ቀጭ።

ያንን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል።
ብረት ግማሹን ሰጥቶህ
ግማሹን ይዞ ይቀራል።
መሬት ተቀመጥኩ። ይመኙሻል በመስኮት አየችኝ፤
ምንም አላለችም።
የሚከፋው እሷ ምንም ሳትል ስትቀር ነው።

“ሸምሱን ልጥራው?” አለች ልጄ ሰሎሜ፣
መልሴን ሳትጠብቅ ሮጣ።
ሸምሱ በር በያጅ ነው፣ ከመስጊዱ ጎን።
ተንጋሎ ገባ፣ ጥቁር መነጽሩን አወረደ፣
በተሰበረው ጉማጅ ላይ ሌላ ዳዶ ሊበይድ
ሰማያዊው ብርሃን ብልጭ እንዳለ
መብራት ሄደ።

ተቀመጥን። በቆሎ ጠብሰን በላን።
ሸምሱ ስለ አባቱ አህያ አወራ፣
ሲጭኗት ዝም፣ ሲያራግፏት የምትጮህ።
“ያንተዋም ዘመዷ ናት” አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ሰፈሩ እልል አለ።
ዳዶው ተበየደ፣ እንደ ፍም ቀላ፣
ሸምሱ ኪያቤውን ነካ ሲያደርገው
ዞረ።
ግንባሩን ሳምኩት፤
ከንፈሬ ጥላሸት ይዞ ዋለ።

የድሮውን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ያዝኩት፤
በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣት መሃል
እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ።
ያን ሁሉ ያስጮኸችን እቺ ናት?

አዲሱን ከነጓርኒሲዮኑ ገጠምኩ፤
ከመሃል ወደ ዳር፣ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ፣
እንደ ሽማግሌ ለሁለቱም ወገን እያደላሁ።
የኋላውን ያጠበቀችው ሰሎሜ ናት፤
የኔ እጅ አይገባም።

ሲመሻሽ ቁልፉን ጠመዘዝኩት።
የተነሳች አልመሰለኝም።
ወርጄ መዳፌን ኮፈኖዋ ላይ አሳረፍኩ፤
እንደ ጠገበች ድመት
ትንኮራፋለች።

ሰኞ አስራ አንድ ሰዓት
ከገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ወጣሁ።

ማታ ስመለስ በሬ ላይ ሦስት ሰው ቆሟል።
ጋሽ ደበላ ኪዳን አምልጧቸዋል።
ሂክመትን የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሏት ሄዶ
የቀን ሂሳቧ ተቆርጧል።
የዳቦ ቤቱ ልጅ ተኝቶ
ሊጡ ኮምጥጦበታል።
“ምነው፣ ድምፅህ ጠፋ?” አሉኝ ባንድ አፍ።
“ታሞ ይሆናል ብለን…”
በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል።

ምን ይባላል?
ብርቱካኑን ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ስወጣ
ጋሽ ደበላ ደጅ ስደርስ
ጡሩምባዬን አንዴ፣ አጠር አድርጌ፣ እነካታለሁ።
ይመኙሻል “ተገላገልን ስንል” ትላለች።
ሂክመት ግን
ሁለቴ ይሁንልኝ ብላለች።