ሩቅ ወንድ

ግሪምስቢ ላይ ረቡዕ ማታ፣ ዝናም መስኮት ሲደበድብ፣
ሰባት ጎልማሳ ይሰበሰባል፣ ፊደል ለይቶ ሊያነብ፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ፣ ከጠባብ ክፍል ገብቶ፣
በልጅነት ያመለጠውን በሽበቱ ሊይዝ ሽቶ።

ኖርማን ሁሌም ከኋላ ነው። አርባ ዓመት ዓሣ የበለተ፣
ቢላዋ ለምዶ እርሳስ ሲይዝ እንደ ሕፃን የታከተ።
እጁ ላይ የቀረ ጨው አለ፣ በሳሙና የማይለቅ፤
ስሙን ብቻ መጻፍ ያውቃል፣ ለደመወዝ ሲጠየቅ።

መምህርቷ ሎርና ታስከር፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣
«ተውላጠ ስም» ብላ ጻፈች፣ ጠመኔዋን ቶሎ አቅልላ፤
«ስም ሲደክመው የሚተካው፣ ስም ሲርቅ የሚወክለው፤
አገኛችሁ? አስምሩበት። ዓይነቱንም ጻፉ፣ ይኸው ነው።»

አሥር ዓረፍተ ነገር አለ፣ በተባዛው ወረቀት ላይ፤
«ይህ» እና «ያ» ጠቋሚ ናቸው፣ ጣት ቀስሮ እንደሚያሳይ።
ኖርማን ጠቋሚ ጣቱን አየ፤ ጫፉ ሳይደርስ ያልቃል፤
«የኔማ ግማሽ ይጠቁማል» ብሎ ለራሱ ይስቃል።

«ሁ» ሲጠይቅ ጠያቂ ነው፤ መሐል ሲገባ ያዛምዳል።
«ያው አንድ ቃል?» አለች ዶሪን። «ቃልም እንደ ሰው ይለምዳል፤
ያንዱ ሥራ ሲያልቅበት፣ ሌላ ይይዛል፣ እንደ ወደባችን ሰው»
አለች ሎርና። ሳቅ ሆነ። ዝናሙ ግን ያው ነው።

«ሰምባዲ» እገሌ እንደ ማለት፣ ማንነቱ ያልለየ፤
«ኖባዲ» ማንም እንደ ማለት። ኖርማን ይቺን ደጋግሞ አየ።

ስድስተኛው አጭር ነው፦
«ጀልባዋ የእኔ ናት።»

ማይን።
አገናዛቢ።
ኖርማን እርሳሱን አስቀመጠ።
ይህን ቃል ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፣ እናታቸው ከሞተች፤
አንዲት ጀልባ ትታ ነበር፣ በስሟ «ቤሪል» የተባለች።
ወንድሙ ክላይቭ «ማይን» አለ፤ ኖርማንም «ማይን» አለ፤
በዚያ ወጥ ቤት፣ በዚያ ጠረጴዛ፣ «የእኛ» ማለት ማን ቻለ?
ጀልባዋ ተሸጠች ኋላ፤ ቀለሟም ተላጠ አሉ፤
ገንዘቡን ጠበቃ በላው። ወንድማማቾቹ ዝም አሉ።

«ሚስተር ብላንሻርድ፣ ጨረሱ?»
«አልጨረስኩም። የሌለ ሰው፣ እዚህ ያልተገኘ፣ ምን ይባላል?»
«‹ሂ› ነው። ሦስተኛ መደብ።
ስለ እሱ ይወራል እንጂ፣ ከእሱ ጋር አይወራም።»

የእኛ የቀድሞ መምህራን ለዚህ ስም ሲያወጡ
«ሩቅ ወንድ» ብለውታል፤
ፊት ለፊት የቆመውን ደግሞ «ቅርብ»።
ሎርና ይህን አታውቅም። ኖርማንም ከየት ያውቃል?
ግን «ሂ» የምትለዋን አፉ ውስጥ ሲያገላብጣት
እንደ ዓሣ እሾህ ወጋችው።

ዘጠነኛው «ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ» ይላል።
«ኢች አዘር፤ ሁለት ቃል ነው ወይስ አንድ?»
«ሁለት ቃል፣ አንድ ተውላጠ ስም» አለች።
በአንድ ረጅም መስመር አሰመረበት፣
ክፍተቱ ላይ እርሳሱን ሳያነሳ።

ጸጉር አስተካካዩ ነግሮት ነበር፣ ባለፈው ሳምንት በወሬ፤
«ክላይቭ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ፣ በምርኩዝ ነው አሉ ዛሬ።»
ወረቀቱን ገለበጠ።
«ሂ» ብሎ ጀመረ። ሰረዘው።
የእርሳሱን ጫፍ ላሰ።
«ዩ» ብሎ ጻፈ።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ደግ ነው፤
አንተ ይሁን እርስዎ፣ የተጣላ ይሁን የታረቀ፣
ሳያስመርጥ ያሳልፋል።

«ክላይቭ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው
አንተስ እንዴት ነህ»
ከዚህ ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ሎርና ወረቀት ስትሰበስብ አየችው፤ ቀይ ብዕሯን አነሳች፤
የጎደለ የጥያቄ ምልክት ከመጨረሻው አኖረች።
የቀረውን አልነካችም። መለሰችለት።
«አድራሻውን ያውቁታል?»

«ሁለት መንገድ ማዶ ነው» አለ።