ስልሳ ሦስተኛው ዕትም

በጥር ወር፣ ረቡዕ፣ ዝናብ እያካፋ፣
ቁጥር አንድ ደረሰ፣ ከትሪ የሰፋ፤
ከካርቶኑ ፊት ላይ በላስቲክ ታሽጋ
የመርከቧ አንድ ክንፍ፣ በማይታመን ዋጋ፦
ዘጠና ዘጠኝ ፔንስ!
ቁጥር ሁለት ሲመጣ አምስት ፓውንድ ሆነ፤
ዋጋው እየወፈረ ገዢው መነመነ።

አባቴ ሶላንኪ ከባንኮኒው ኋላ
«መንጠቆ ነው» ይላል፣ «ዓሣው እስኪበላ።»
አዛውንቱ ታስከር ሳንቲም እየቆጠሩ
«መንጠቆ አይጠፋኝም፤ ጥያለሁ በባሕሩ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ።
ግን አንዳንዱን መንጠቆ ዓሣው ይፈልገዋል፤
አውቆ ይጎርሰዋል።»

«የጨለማው ወደብ»፣ ሃያ ስድስት ዓመት
በቴሌቪዥን ላይ፣ በየቅዳሜው ምሽት።
ግሪምስቢ ሲመለከት ሻይ ይዞ በየቤት፣
እሳቸው ከአይስላንድ ማዶ፣ ከበረዶው ፊት
መረብ ይጎትታሉ።
ሲመለሱ ታሪኩ ጥሏቸው ነጉዷል፤
ጀግናው ሞቶ ድኗል፣ አንድ ዓለም ተቃጥሏል።
«ምን ሆነ?» ሲሏት ሚስት ትመልሳለች፦
«እኔ እንጃ፣ ዊልፍ፤ አንዷ ሴት ጮኻለች።»

የሰባ አንድ ክረምት የታዩትን ክፍሎች
ጣቢያው ራሱ አጠፋ፤ በነዚያው ካሴቶች
ፈረስ ግልቢያ ቀዳ።
ዛሬ ማንም የለው። መጽሔቱ ብቻ ነው
ክፍል በክፍል አድርጎ የሚተርከው፤
በቁጥር ስልሳ ሦስት፣ ይላል የማውጫው ጠርዙ፣
የዚያ ክረምት ታሪክ ይመጣል ከነመዘዙ።

አባቴ ማዕዘኑ ላይ በእርሳስ ይጽፋል
«ታስከር» ብሎ፤ ከባንኮኒው ሥር ያኖርላቸዋል።

አንድ ቀን ቤታቸው ሳደርስ ጋዜጣ
አየሁ፦ ከመጽሔቶቹ ጀርባ ሥዕል ሲወጣ፤
እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጣት ያህል ሰማይ፣
አንድ ጣት ያህል ክንፍ፣ አንድ ጣት ፀሐይ።
ጅራቷ ተሟልቷል፣ ሆዷም ተገጥሟል፤
አፍንጫዋ ግን ገና ከአሳታሚው ቀርቷል።

በሃምሳ ስምንተኛው ደብዳቤ ነበረ
«ውድ አንባቢያችን» ብሎ የጀመረ፤
«ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት…»
ቀረ።

«መርከቧስ ትቅር» አሉ፣ «አፍንጫዋ ተሰብሮ
ወደብ የገባች አውቃለሁ ድሮ።
ግን የዚያ ክረምት…»
ዝም አሉ።
በሩን ሳይከፍቱ፣ ከማስቲካው አጠገብ ቆመው ዋሉ።

ከዚያ ጀመሩ።
መረቡ ሲከብድ፣ ሞተሩ ሲያንኳኳ፣
አርባ ዓመት በልባቸው የሠሩት ነው ለካ፤
ካፒቴኗን ማን ከድቶ ማን እንደታደጋት፣
አረንጓዴው ጭጋግ ምን ብሎ እንዳወራት፣
ያች ሴትም
ለምን እንደጮኸች።

የሒሳብ ደብተሬን ገልብጬ ጻፍሁት።
አውቶቡስ አመለጠኝ፤ ሁለተኛውንም ተውሁት።

ስምንት ፓውንድ ከዘጠና ዘጠኝ ቆጥረው አስቀመጡ።
አባቴ «ኧረ አይሆንም» ሲል፣ «ዋጋው ነው!» ብለው ተቆጡ፤
በፊቱ ገጽ ክፍልፋይ፣ በጀርባው ታሪካቸው፣
ደብተሩን ወደ እሱ ገፉት በጣታቸው፦
«ማዕዘኑ ላይ፣ በእርሳስ።»
ጻፈላቸው።