የተገነጠለችው ገጽ

ዲሞና ጣቢያ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር፣
በሦስት ሸቀል ገዛሁት፣ ጥበቃ በጀመርኩበት ወር፤
የዜልማን ኦርባክ አጫጭር ልቦለዶች፣
ሽፋኑ ላይ ሁለት የደበዘዙ ጨረቃዎች።

የመጨረሻው ታሪክ መጨረሻ የለውም፤
ገጿን ማን እንደገነጠላት አይታወቅም።
መርከቧ ከማርስ ማዶ ቆማለች፣
ውስጧ አንዲት ሴት ብቻዋን አለች፣
ከውጭ፣ ከዚያ ጨለማ፣ በሩ ይንኳኳል —
እዚህ ላይ ወረቀቱ ያልቃል።

ከእኔ በፊት ያነበቡት እንዲሁ አልተዉአትም፤
የእርሳስ ጽሑፋቸው ከሽፋኑ ጀርባ አልጠፋም።
«እናቷ ናት» ይላል አንዱ በሩስኛ፤
«አትክፈቺ!» ይላል በዕብራይስጥ ሁለተኛ፤
ከሥሩ ጎበጥጎበጥ ያለ የልጅ ፊደል፦ «ነፋስ ነው፣ ተኚ።»
እኔም አንድ ሌሊት፣ ከክሊኒኩ በር ተቀምጬ፣
በአማርኛ ጨመርኩ፣ እርሳሴን በጥርሴ ቀርጬ፦
«ቤቶች!» አለ እንግዳው።
«ይግቡ» አለች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሙሉው ቅጂ ቤር ሼቫ ሲገኝ፣
ቆሜ ሳነብ አውቶቡሱ አመለጠኝ።
ሟቹ የጻፋት ፍጻሜ አንዲት አጭር መስመር።
ገልብጬ ለጠፍኳት፣ ከሁላችንም ሥር፤
ብንወደውም፣ ዘግይቶ ነው የመጣው፤
ተራውን ይጠብቅ፣ እንደ ሰው።