ሃያ ማይክሮግራም

ደሴ ላይ፣ ጦሳ ሥር፣ ጉም መስኮት ሲልሰው፣
ጦይባ በሁለት ጣቷ የያዘችው ሰው ነው።
ሰው ማለቴ... የሰው ቁራጭ፣ ከቁራጭም የደቀቀ፣
ከእንባ ያነሰ ጠብታ፣ ከጠብታም የረቀቀ፤
ሃያ ማይክሮግራም ፕሮቲን፣ የራይቦዞም አንድ ጡብ፣
ዋጋው የአምስት ወር ደመወዟ፣ ቢመነዘር በገንዘብ።

ገቢ ሲሆን፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የሚቆርጠው እንድሪስ፣
እስክሪብቶውን ሰቅሎ ቆመ፤ "መለኪያው በኪሎ ነው፣ ወይስ...?"
"ፍሬ በለው።" ፍሬ፣ አንድ። ጻፈና አቀረቀረ፣
"የሰው" የሚለው ቃል ላይ ጣቱ ሳይነሣ ቀረ።
"ከማን ላይ ነው የወሰዱት? ሰውዬውስ በሕይወት አለ?"
"ከማንም። ቃሉን ብቻ ቀድተው ነው፤ የቀረውን ባክቴሪያ ነው ያበቀለ።
እንግዳ እንዳይመስልህ ጋሼ፣ አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ነው፤
የሰው ፊደል አስያዙት፣ የራሱ መስሎት ደገመው፤
ደረሳ ሐርፉን እንደሚቀራ፣ የቆሎ ተማሪ ግእዙን እንደሚለው፣
ምን እያለ እንደሆነ ሳይገባው።"

እንድሪስ ሳቀ። "ቅይጥ ነዋ! ወሎዬ ነው በይኛ።
የእናቴ አባት መሪጌታ፣ የአባቴ አባት ሼህ፤ ይኸው አለን እኛ!"
እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከብልቃጡ ወገብ ላይ
ደቃቅ ጽሑፍ አለ፣ ጎንበስ ላለ የሚታይ፦
"ለምርምር ብቻ። ለሰው ሕክምና አይውልም።"
ከታች፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ አንድ ልጅ አለ፤ ስሙ ሞላልኝ ነው፤ ደሙ ግን አይሞላም።

ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከተንታ። እናቱ አስረበብ
የቤተ ሙከራውን በር ለመደችው፣ በሰበብ አስባብ።
"መድኃኒቱ መጣ አሉኝ።"
"መድኃኒት አይደለም፣ እታለም።"
"የሰው ነው አላሉም?"
"የሰው ነው።"
"ታዲያ ለሰው ካልሆነ፣ ለማን ነው?"

ጦይባ የተማረችው ሁሉ አፏ ላይ ደረቀ።
ቆይታ፣ "መስፈሪያ ነው" አለች፤ "የጎደለውን ለማወቅ
ያልጎደለውን ከጎኑ አቁሞ መጠየቅ።"
ተንታ ገበያ ጤፍ ስትሰፍር የኖረች፣
"እንደ ቁና በይኛ" አለች።
"ቁና አይቆረጠምም። እሱ ከሌለ ግን
ጎደለብኝ ብዬ የምሟገተው ማንን?"

ማታ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።
ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ጨለማ ውስጥ አይቆይም።
ብልቃጡን ከነበረዶው በሹራቧ ጠቅልላ ፒያሳ ወረደች፣
የሐይቅ ዓሣ የሚሸጠውን አራጋውን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰች።
የእሱ ሞተር ያጓራል፤ ፍሪጁ በረዶ ለብሷል።
"ምንድን ነው?"
"አደራ ነው።"
ሌላ አልጠየቀም። ቆሮሶዎቹን ገፋ አድርጎ ቦታ ለቀቀ፤
የሰው ቃል፣ በባክቴሪያ አፍ የተነገረ፣
በዓሣ ጎን አደረ።

እሷም ደጃፉ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።
በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ያው ጡብ፣ እልፍ አእላፍ ሆኖ፣
ማንም ሳይሰፍረው፣ ያለ ደረሰኝ፣
ሲሠራ ያድራል።

ሐሙስ ለት ቀለሙ ወጣ።
በብልቃጡ ረድፍ ጥቁር ሰረዝ፣ ቁልጭ ያለ፣ እንደ ኩል፤
በጦይባ በራሷ ደም ረድፍም፣ ያንኑ ያህል።
በሞላልኝ ረድፍ ግን የጦሳ ጉም፣
አለ እንዳይሉት ስስ፣ የለም እንዳይሉት... የለም አይባልም።

እንድሪስ የወጪውን ሞዴል ይዞ መጣ።
"ፍሬ አንድ" አለችው፤ "አለቀ።"
"ምን ላይ ዋለ ልበል?"
እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ በጠባቡ ዓምድ ውስጥ፣
"ለመስፈር" ብላ ጻፈች።
ስለ መሙላት የሚጠይቅ
ዓምድ አልነበረውም።