እርሳሱን በእርሳስ

መደርደሪያዬ ላይ፣ ከግራ ጠርዝ ጀምሮ፣
ቆሟል የአሥራ አራት ክረምት ዕድሜዬ ተደርድሮ።
ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤
አንዱ ቢወድቅ ሌላው አይደነግጥም።
እያንዳንዱን ገልብጬ፣ ከእግሩ ሥር፣ ቀን ጽፌበታለሁ፣ እርሳሱን በእርሳስ፣
አንድ ቀን ራሴን ስጠይቅ እንዳላጣ መልስ።

እዚህ ኮትካ፣ ጥር ላይ፣ ባሕሩ ሲረጋ እንደ ሞራ፣
ፀሐይ ለምሳ ወጥታ ሳትመለስ ወደ ሥራ፣
እኔ ክሬን ነጂው፣ ቀን ሙሉ ሰማይ ላይ ተሰቅዬ የዋልኩ፣
ማታ ከመብራቴ ሥር አጎነብሳለሁ፣ የብሩሽ ጫፍ እየላስኩ።
ከላይ ሆኖ ላየው ሰው ሁሉ ጣት ያክላል፤
ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ኮንቴይነር መሃል ይውላል።

የመጀመሪያው እዚህ የለም። የት እንደሄደ ኋላ እነግራለሁ።
ፈረሰኛ ነበር በስሙ፤
በጀልባ ቀለም ለስኜው አፍንጫው ጠፍቷል ከነቅርጹ፣ ከነደሙ።
አንዱ ዐይኑ በር በር ሲያይ ሌላው ጣሪያ ያያል፤
ፈረሱም እንደ ጌታው መንገዱ ግራ ገብቶታል።
ኢርመሊ አይታው ሳቀች፤ “ይሄ ሰውዬ ምን በላ?” አለች፤
በማግስቱ ግን ለአንድ ፈረሰኛ ሁለት ሜትር ጣውላ ሰቀለች።

ታርሞን ያገኘሁት ያኔ ነው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሽማግሌና አንዲት ኮረዳ በሚቀቡበት።
ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፤ ፈረሰኛዬን በወረንጦ አንሥቶ፣
እንደበሰበሰ መንጋጋ አገላብጦ አይቶ፣
“ውሃ” አለኝ።
ሌላ አልጨመረም።
ያቺን ቃል ለመረዳት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ፤
ቀለም ለካ እንደ ምክር ነው፤ ወፍሮ ከመጣ ፊት ይደፍናል፣
ቀጥኖ ከመጣ ግን፣ ደርቦ ደርቦ፣ ሰው ያወጣል።

አራተኛው ክረምት ላይ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል፤
ለማኙ እንኳ ከነድሪቶው ሙሽራ ሙሽራ ይላል።
(ደብቂልኝ ብላት ኢርመሊ እንቢ አለች።)
ሰባተኛው ላይ የአንድ ምስል ቦታ ባዶ ነው፤
ያን ክረምት ብሩሼ ደረቀ፤ ሆስፒታል ወንበር ላይ ነበር የማድረው።

ዳነች። ቤት የገባች ዕለት ጉንጯን ልብ ብዬ አየሁት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ሮዝ ነው” ብዬ ያለፍኩት፤
ከዐይኗ ሥር አረንጓዴ፣ ከጆሮ ግንዷ ወይን ጠጅ፤
ስንት ቀለም ነው ሰው ለካ፣ ቀርቦ ላየው ወዳጅ።

ከዚያ ወዲህ በረዶ ነጭ ሆኖልኝ አያውቅም፣
ጥቁርም እንዲያው ጥቁር ብቻ ሆኖ አይዘልቅም።
ከክሬኔ ቁልቁል ሳይ፣ ዝገት ከየት እንደሚጀምር አውቃለሁ፤
የጃኬቱን እጥፋት፣ የጥላውን ጠርዝ፣ በሐሳቤ እቀባለሁ።
አንድ ቀን አለቃዬ በሬዲዮ “ተኛህ እንዴ?” አለኝ፣
ኮንቴይነሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔን የመርከብ ጎን አፍዝዞኝ።

ባለፈው ሐሙስ ታርሞን ጠየቅኩት።
ዐይኑ ከድቶታል፤ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት ነው የቀረው።
አዲሱን እጁ ላይ አኖርኩለት፤ ያው ፈረሰኛ፣ ያው ፈረስ፣
አምስት ወር የደከምኩበት፣ ካባው ላይ ንጋት እስኪፈስስ።
በአውራ ጣቱ ፊቱን ዳሰሰ፣ ልጓሙን ዳሰሰ፤
“ቀለም አለው?” አለኝ፣ ጣቱን ደጋግሞ እየመለሰ።
ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ከማንም ሰምቼ አላውቅም፤
ምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቤ ግን አልሞቀም።

ያንን አወጣሁ ከኪሴ፣ የመጀመሪያውን፤
ገና አንዴ ሲነካው አፍንጫ የለሽ ፊቱን፣
ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። “ውሃ!” አለ፤
“ይሄንንስ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም ዐይኑ ጣሪያ ላይ አለ?”

ማታ አዲሱን ገለበጥኩት፣ ቀኑን ጻፍኩ፤
አሮጌውን ግን ታርሞ ራስጌ ትቼው መጣሁ።
አሁን መደርደሪያው ላይ ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤
ኢርመሊ አቧራውን ስትጠርግ
ሁለቱንም ዞራ ታልፋለች።