ውል ፍለጋ

ከጎማ ጠጋኙ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ፣
የሲንሲናቲ ካርታ በስፒል ተወጥሮ፣
ያለቀው የእግር መንገድ በአረንጓዴ ክር፣
ያላለቀው ደግሞ በቀይ ነጠብጣብ ሲቆጠር፤
ክሩ ወንዙን ታኮ መጥቶ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣
አንድ ቦታ ቀጥ ይላል፣ በሽቦ ታጥሮ።

«አራት መቶ እርምጃ ናት» ትላለች ቨርና፣
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቀረችን ገና።»
ድርጅቱ ማለት እሷ፣ እኔ፣ አንድ ሒሳብ ያዥ፣
ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ሃያ መጋዝ ያዥ።

የእኔ ሥራ መቁጠር ነው፤ መቁጠሪያ ይዣለሁ፣
የጸሎት አይደለም፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀጭ አደርጋለሁ።
ለጋሾች ቁጥር ይወዳሉ፤ ቁጥር እንሰጣለን፤
ስንት እግር፣ ስንት ብስክሌት፣ ስንት የሕፃን ጋሪ፣ እንጽፋለን።
ቅጹ ግን አይጠይቅም፣ ሰው እንዴት እንደሚዞር፤
ያ ሯጭ ሽቦውን በመዳፉ መትቶ፣ ዕዳ እንደከፈለ ሲሰወር፤
ያቺ ሴት አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋ፣
«ደረስን አባዬ» ስትለው፣ የትም ሳይደረስ፣ እንዳይከፋ።

ከሽቦው ወዲያ የስታምፐር ግቢ፣ የዛገ ብረት ክምር፣
ጎማ የሌለው አውቶቡስ፣ የፍሪጅ በር፣
ከዚያ ማዶ መንገዱ፣ ምንም እንዳልሆነ ሲጀምር።
ኦዴል ስታምፐር፣ ሰባ ስድስት ዓመቱ፣ አንገቱ እንደ ግንድ፣
ደብዳቤያችንን ሲመልስ ኖረ፣ ሳይከፍተው፣ አንድ በአንድ።
ጠበቃ ላክን፤ ኬክ ላክን፤ የምክር ቤት ሰው ላክን፤
ኬኩን በላ፤ ሰውየውን መለሰ፤ እኛም ታከተን።

በእኔ አፍ «ውል» ማለት፣ አንድም የክር ጫፍ ነው፣
አንድም ሁለት ሰው ፈርሞ፣ በቀለም ያሰረው።
ሁለቱንም አጣን።

በጥር አንድ ሌሊት ሲወርድ አደረ በረዶ፤
ለቆጠራ ብሄድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ፤
ልመለስ ስል ዱካ አየሁ፣ ከሽቦው ማዶ።
ለካ ከሥሩ ተቀዷል፣ ሰው ያሾልካል ካጎነበሰ፤
ዱካው ከቀዳዳው ወጥቶ፣ በአውቶቡሱ ጎን ታጥፎ፣ ማዶ ደረሰ።
የተማሪ ጫማ፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፤
ድመት፤ ቀበሮም ሳይኖርበት አይቀርም፤
ደግሞ ምርኩዝ የያዘ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት አንድ መንገደኛ።
እኛ አሥራ አንድ ዓመት ደጅ የጠናንለትን፣
እግር ቀድሞን ሠርቶት ኖሯል፤ ማንንም ሳይለምን።

ፎቶ አነሣሁ። ስታምፐር በሩን ከፈተ፣ ኬክ መስሎት፤
ስልኬን ተቀብሎ ሲያይ፣ ዓይኑ አንዱ ዱካ ላይ ተተከለበት።
«ይሄኛው ግራውን ይጎትታል» አለ።
ቆየ።
«መስኮቴ ሥር ድረስ መጥቶ ተመልሷል» አለ።
ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤
ወንድም ይሁን ባልንጀራ፣ ባለዕዳ፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

መጋቢት ላይ ፈረመ። አሥራ አምስት ጫማ ለምነን፣ አሥር ፈቀደ፤
አውቶቡሱ አይነሣም አለ፤ መንገዱም ዞሮት ሄደ።
አንድ አግዳሚ ወንበር ጨመረ፣ በገዛ ብረቱ የተበየደ፣
ፊቱን ወደ መስኮቱ የሰጠ። ምክንያቱን አልተናገረም።

ቨርና ቀዩን ነቅላ፣ አረንጓዴውን ክር ቋጠረች፤
ጭብጨባው ሳይበርድ ጣቷን ወደ አሮጌው ድልድይ አሻገረች፤
እዚያም ሌላ ነጠብጣብ አለ።

ሴትዮዋ መጣች፣ አባቷን እየገፋች፤
ሽቦው የነበረበት ጋ፣ ከልምድ፣ ቆመች፤
«ደረስን» ልትል አፏን ከፈተች፤
ሽማግሌው ግን በሁለት እጁ ጎማውን ይዞ
ራሱ ገፋው፤ ወንበሩ አለፈ።
መቁጠሪያዬ እጄ ላይ ነበር፤ አውራ ጣቴ ሰነፈ።
የዚያ ቀን ሪፖርት ሁለት ሰው ይጎድለዋል።